በዲኤስኤልአር ካሜራ ቪዲዮ መቅረጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከካምኮርደር (ለቪዲዮ ተብሎ ከተሠራ ካሜራ) ወደ ዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል የፎቶ ካሜራ) የተሻገሩ ወይም ለመሻገር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ፎቶ ማንሳት ለምታውቁ አንዳንዱ ነገር የታወቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ቪዲዮ ላይ ግን ያው ቁልፍ ሌላ መዘዝ ስላለው ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ፎቶ ማንሻ ካሜራ ወደ ቪዲዮ ሥራ እንዴት ገባ?

ኒኮን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ዲ90ን ሲያስተዋውቅ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆነ። ጥራቱ 720ፒ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ነበር። አንድ ቀረጻ ከ5 ደቂቃ አያልፍም፤ የውጭ ማይክ መሰኪያም አልነበረውም። ሳምንታት ሳይቆይ ካኖን 5ዲ ማርክ 2ን ይዞ መጣ፤ ይህኛው 1080ፒ የሚቀርጽ፣ ሴንሰሩም (በሌንሱ የገባውን ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ፊልም ያህል ስፋት ያለው ነው።

ለዜና ፎቶ አንሺዎች ተብሎ የተጨመረውን የቪዲዮ ቀረጻ ፊልም ሠሪዎች ነጠቁት። 5ዲ ማርክ 2 መጀመሪያ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ይቀርጽ ነበር፤ ሹተሩንና (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ራሱ ነበር የሚወስነው። ተጠቃሚው አብዝቶ ሲጮህ ካኖን በ2009 አጋማሽ በእጅ መቆጣጠርን፣ በማርች 2010 ደግሞ 24 እና 25 ፍሬምን በፈርምዌር (በካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ጨመረ። በዚያው ዓመት አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ የምዕራፍ መዝጊያ ክፍሉን በዚሁ ካሜራ ቀርጾ አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ «ይህ የፎቶ ካሜራ ነው» የሚለው ክርክር ብዙም አልተሰማም።

ምስሉ ለምን ሲኒማ ይመስላል?

ዋናው ምክንያት የሴንሰሩ ስፋት ነው። እንደ 5ዲ ማርክ 2 ያለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ ካምኮርደሮች ውስጥ ያለው ባለ 1/3 ኢንች ሴንሰር ግን 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በስፋት ሲሰላ 50 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው፣ ርካሾቹ ዲኤስኤልአሮች የሚጠቀሙበት መካከለኛ ሴንሰር ደግሞ 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ፊልም ሲቀረጽበት ከኖረው ሱፐር 35 ብዙም አይርቅም።

ይህ ስፋት ከኋላ ያለውን ነገር እንዴት ያደበዝዘዋል? ሙሉ ፍሬም ላይ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የምታገኙትን እይታ ባለ 1/3 ኢንች ሴንሰር ላይ ለማግኘት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሌንስ ያስፈልጋል። ሌንሱ ባጠረ ቁጥር ከፊትም ከኋላም ያለው ነገር አብሮ ጥርት ይላል። ስለዚህ ካምኮርደሩ ኤፍ 2 ላይ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ተከፍቶ የሚሰጣችሁ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው የጥልቀት መጠን፣ ሙሉ ፍሬም ላይ ኤፍ 14 ገደማ ቢሆን የምታገኙት ነው። ካምኮርደር ዳራን ማደብዘዝ የሚያቅተው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰፊ ሴንሰር ብርሃንም በብዛት ይሰበስባል። ማታ፣ ወይም አንድ መብራት ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሌንስ መቀያየር መቻሉም የራሱ ጥቅም አለው።

አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ዳራ ማደብዘዝ የሚችል ካሜራ የያዘ ሰው ለጊዜው ሁሉንም ነገር ኤፍ 1.8 ላይ ይቀርጻል። ዓይኑ ጥርት ብሎ ጆሮው የጠፋ ሰው ሲያወራ 10 ደቂቃ ማየት ያደክማል። ሰውየው ያለበት ቦታ የታሪኩ አካል ከሆነ ቦታው ይታይ።

ታዲያ ካምኮርደሬን ልሽጠው?

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ የምትቀርጹትን ነገር «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ድገሙልኝ» ማለት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ዲኤስኤልአር ይመቻችኋል። አጭር ፊልም፣ የሙዚቃ ክሊፕ፣ ማስታወቂያ፣ ተረጋግቶ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

የማይደገም ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ፣ የመድረክ ዝግጅት፣ የስፖርት ውድድር ወይም ድንገት የሚፈነዳ ዜና፣ ካምኮርደሩን ያዙ። ካምኮርደር ሳይቋረጥ ለሰዓታት ይቀርጻል፤ ከሰፊ እይታ እስከ ሩቅ ድረስ በአንድ ሌንስ ያቀርባል፤ ዙም ሲደረግ ፎከሱን አይለቅም። በትከሻ ወይም በእጅ ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የባለሙያዎቹ ላይ የኤክስኤልአር ማይክ መሰኪያና አብሮ የተሠራ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) አለ። እነዚህን ሁሉ ካምኮርደሩ ዝም ብሎ ይሠራቸው ስለነበር አናስተውላቸውም። ዲኤስኤልአር ስትይዙ አንድ በአንድ ወደ እናንተ ይመለሳሉ፤ እያንዳንዳቸውም ተጨማሪ ዕቃ ወይም ተጨማሪ ሰው ይጠይቃሉ።

ሰርግ የሚቀርጹ ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ። ካምኮርደሩ ትራይፖድ ላይ ቆሞ ሥነ ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይይዛል፤ ዲኤስኤልአሩ ደግሞ በእጅ እየዞረ ፊቶችንና ትናንሽ ነገሮችን ይለቅማል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የተሻለው አሠራር ነው፤ የሁለቱን ቀለም በኤዲት ማመሳሰል ግን ሥራ እንዳለው ከወዲሁ እወቁት።

ድምፁ ለምን ይሻክራል?

ጀማሪ በዲኤስኤልአር የሠራው ቪዲዮ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ዘግቶት ይሄዳል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካሜራው ላይ ያለችው ማይክ ትንሽ ናት፤ የሌንሱን ሞተር፣ የእጃችሁን መንሸራተት፣ ከተናጋሪው በፊት ደግሞ የክፍሉን ማስተጋባት ትሰማለች። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች የድምፁን መጠን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ሰው ሲናገር ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያቆም ደግሞ ዝምታውን «ደካማ ድምፅ» ነው ብለው ከፍ ያደርጉታል። በንግግር መሐል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ቀስ እያለ ሲያድግ የምትሰሙት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ደረጃ አለው። ካሜራችሁ የድምፅ መጠንን በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ አውቶማቲኩን አጥፉት። በካሜራው ላይ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጠንካራ ድምፅ የሚያወጣ ማይክ በ3.5 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ብትሰኩ ሽሽታው በብዙ ይቀንሳል። ማይኩን ካሜራው አናት ላይ መስቀል ግን ከሰውየው መራቁን አይለውጠውም። 3 ሜትር ርቆ ካለ ውድ ማይክ ይልቅ ኮሌታ ላይ የተሰካች ርካሽ ማይክ ትሻላለች።

ከዚያ የሚሻለው ድምፁን ለብቻው በድምፅ መቅጃ መያዝ ነው። መቅጃውን 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ የንግግሩ ከፍተኛ ነጥብ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ቅረጹ። የካሜራውን ማይክ አታጥፉት፤ ጥራቱ ቢወርድም ኤዲት ላይ ሁለቱን ድምፆች ለማገጣጠም ያስፈልጋችኋል። ቀረጻ ሲጀመር ካሜራው እያየ አንዴ አጨብጭቡ፤ እጆቹ የተገናኙበትን ፍሬም ከጭብጨባው ድምፅ ጋር ማግጠም ብቻ ይሆናል።

ሲገጣጠም ጥቂት የማይገጥም ከመሰላችሁ የካሜራውን ርቀት አስቡ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ካሜራው ከመድረኩ 15 ሜትር ቢርቅ የራሱ ማይክ ጭብጨባውን የሚሰማው በ25 ፍሬም አቆጣጠር ከአንድ ፍሬም በላይ ዘግይቶ ነው። የሶፍትዌሩን ራስ ሰር ማገጣጠሚያ ከማመን ይልቅ ከንፈሩን እያዩ ማረም ይሻላል። በረጅም ቀረጻ ላይ ደግሞ የመቅጃውና የካሜራው ሰዓት ፍጥነታቸው ፍጹም እኩል ስላልሆነ፣ መጀመሪያ የገጠመው መጨረሻ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ሲጨርሱም አንዴ ማጨብጨብ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሹተሩን ስንት ላይ ላድርግ?

የፍሬሙን ቁጥር እጥፍ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 1/50፣ 50 ፍሬም ከሆነ 1/100። በዚህ ልክ የሚንቀሳቀስ ነገር በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ጥቂት ስለሚደበዝዝ እንቅስቃሴው ለዓይን ለስላሳ ይሆናል። ሹተሩን 1/1000 ብታደርጉት እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶ ጥርት ይልና እንቅስቃሴው የሚቆራረጥ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ሆን ተብሎ ይፈለጋል፤ በንግግር ቀረጻ ላይ ግን ስህተት ነው የሚመስለው።

ሌላም ምክንያት አለ። የኤሌክትሪኩ መስመር 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ፍሎረሰንትና ብዙ ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይብለጨለጫሉ። 1/50 እና 1/100 ከዚህ ጋር ስለሚስማሙ ብልጭታው አይታይም። 1/60 ላይ ካደረጋችሁት ግን በምስሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር ሲንከባለል ልታዩ ትችላላችሁ። 60 ኸርዝ በሆነበት አገር ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ 1/60 ይሻላል።

ፎቶ ከማንሳት የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ብርሃን ሲበዛ ሹተር መጨመር ለምዷልና። ቪዲዮ ላይ ሹተሩ ተቆልፏል። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100፣ ሹተር 1/50 ሲሆን አፐርቸሩ ኤፍ 22 ገደማ መሆን አለበት። እናንተ ግን ኤፍ 2.8 ፈልጋችኋል፤ ልዩነቱ 6 ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። ያን ያህል ብርሃን የሚያስቀረው ኤንዲ 64 ፊልተር ነው። እየዞረ የሚጠቁረው ተለዋዋጭ ኤንዲ ይመቻል፤ ርካሹን ጫፉ ድረስ ካዞራችሁት ግን ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ይወጣል። ከቤት ውጭ ለምትሠሩ፣ አዲስ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ኤንዲ ግዙ።

ፎከሱ ሲሄድ ሲመጣ አስቸገረኝ፤ ካሜራው ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። በዲኤስኤልአር ፎቶ ሲነሣ ፎከሱን የሚያገኘው ከመስታወቱ በታች ያለ ለብቻው የተሠራ ሴንሰር ነው። ቪዲዮ ሲጀመር መስታወቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ይቆያል፤ ያ ሴንሰር ሥራ ያቆማል፤ በዓይናችሁ የምታዩበት ቀዳዳም ይጨልማል። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ከዚያ በኋላ ያላቸው አማራጭ ፎከሱን ወዲያ ወዲህ እያሉ ጥርት ያለበትን መፈለግ ብቻ ነው፤ የምታዩት መዋዠቅ እሱ ነው። ካኖን በ2013 በ70ዲ ላይ ያመጣው ዱዋል ፒክስል የሚባለው አሠራር ፎከስ ማግኘቱን ዋናው ሴንሰር ላይ ስላደረገው ችግሩን በእጅጉ ቀንሶታል።

አሮጌ ካሜራ ከያዛችሁ በእጅ ፎከስ ማድረግን ልመዱ። ከመቅረጻችሁ በፊት ስክሪኑን 5 ወይም 10 እጥፍ አጉልታችሁ ዓይኑ ላይ አስተካክሉ። ሰውየው የሚራመድ ከሆነ የሚቆምበት ቦታ ላይ ወለሉን በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ብታጠቡት ትንሽ ስህተት አይጋለጥም። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ስለማይታይ፣ ስክሪኑ ላይ ተገጥሞ በዓይን የሚታይበት አጉሊ መነጽር ከምትገዟቸው ነገሮች ቀዳሚው ይሁን፤ ግንባራችሁን ስለሚያስደግፍ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይቀንሳል።

12 ደቂቃ ሲሞላ ለምን ራሱ ያቆማል?

ብዙ ካሜራዎች ሜሞሪ ካርዱን ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ያዘጋጁታል፤ በእሱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ሊያልፍ አይችልም። 5ዲ ማርክ 2 በደቂቃ 330 ሜጋ ባይት ገደማ ስለሚጽፍ 12 ደቂቃ ላይ ይሞላል። በኋላ የመጡት አዲስ ፋይል እየከፈቱ ይቀጥላሉ።

29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ የሚቆሙት ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ የተነሣ ነው። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚቀርጽ ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር አምራቾቹ ሆን ብለው ገደቡት። ከዚህ ሌላ የሙቀት ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሴንሰሩ ረጅም ጊዜ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ምስሉ ላይ ነቁጥ ይበዛል፤ ከበዛም ካሜራው ራሱን ያጠፋል። በቀረጻ መሐል ስክሪኑንም ካሜራውንም አጥፍቶ ማሳረፍ ይጠቅማል። ባትሪም ከፎቶ ይልቅ በጣም ቶሎ ያልቃል፤ ትርፍ ሳይዙ መውጣት አይታሰብም።

ካሜራውን ቶሎ ሳዞረው ግድግዳው ለምን ይዘማል?

ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ መጽሐፍ እንደምናነብ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው። የላይኛው መስመር ከተነበበ በኋላ የታችኛው እስኪደርስ ካሜራው ዞሮ ከሆነ፣ ቀጥ ያለው ምሰሶ ዘሞ ይወጣል። ኤዲት ላይ በከፊል ይታረማል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀስ ብሎ ማዞር ነው።

ጥቃቅን ሽንትር ያለው ሸሚዝ ወይም የጡብ ግድግዳ ላይ የሚንቀለቀል ቀለም ካያችሁ ሌላ ችግር ነው። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለሉ ስለሚያነቡ ጥቃቅኑን ንድፍ መያዝ ያቅታቸዋል። ለቃለ መጠይቅ የሚመጣውን ሰው አንድ ቀለም ያለው ልብስ እንዲለብስ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ኤዲት ላይ ይህን ማጥፋት ከባድ ነው።

በየትኛው ሌንስ ልጀምር?

50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8። ርካሽ ነው፤ ብርሃን ያስገባል፤ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ለፊት ቀረጻ ይሆናል። ለክፍል ውስጥ ሥራ ከሱ ሰፋ ያለ ያስፈልጋችኋል። በፎቶ ሌንስ እየቀረጻችሁ ዙም አታድርጉ፤ አብዛኛው ፎከሱን ይለቃል፤ ርካሾቹ ላይ ደግሞ አፐርቸሩም ስለሚቀያየር ምስሉ በመሐል ይጨልማል።

ምስሉ ኤዲት ላይ ለምን አይታዘዝም?

ካሜራው ቪዲዮውን በኤች.264 ጨምቆ፣ በ8 ቢት ቀለም ነው የሚያስቀምጠው። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ የሚመለስ ነገር የለም፤ ሴንሰሩ ያየውን እንዳለ ከሚያስቀምጠው ሮው ፎቶ ጋር አታምታቱት። ስለዚህ ነጩ እንዳይቃጠል ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ፤ ከፒክቸር ስታይሉ (ከካሜራው የምስል መልክ ምርጫ) «ኒውትራል» የሚለውን መርጣችሁ ሻርፕነሱንና ኮንትራስቱን ዝቅ አድርጉ። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር በየመብራቱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያስተካክለውን) አውቶ ላይ አትተዉት፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ የፊቱ ቀለም ይቀያየራል። በተንግስተን መብራት 3200፣ በቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን ላይ ቆልፉት።

ኮምፒውተሩ የሚንቀረፈፈውም ከመጨመቁ የተነሣ ነው። ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ማለትም ፕሮክሲ ሠርታችሁ ቁረጡ፤ ሶፍትዌሩ በመጨረሻ ዋናውን ይተካዋል።

መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ባሉበት ዘመን ዲኤስኤልአር መግዛት ሞኝነት አይሆንም?

አዲስ ከሆነ እኔ አልገዛም። ቪዲዮ ሲቀረጽ መስታወቱ እንዲሁ ተነሥቶ ስለሚቀመጥ፣ ከመጀመሪያውም መስታወት አልባ የተሠራ ካሜራ ለዚህ ሥራ ይቀላል፦ ቀዳዳው አይጨልምም፤ ፎከሱም ሰው ይከተላል። ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ 3ን፣ ኒኮን ዲ780ን በጃንዋሪ 2020 ካስተዋወቁ ወዲህ የሁለቱም ትኩረት ወደዚያ ዞሯል።

ያገለገለ፣ በቅናሽ የተገኘ ከሆነ ግን ለመማሪያ ይበቃል፤ ሌንሶቹም አይወድቁም። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር አዲሶቹ የካኖን ካሜራዎች ላይ በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ። ኒኮን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው አሮጌ ሌንሶች በኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር አውቶ ፎከስ አያደርጉም።

ያገለገለ ስትገዙ የማይክ መሰኪያ እንዳለው በዓይናችሁ አረጋግጡ። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ካለው ደግሞ እሰየው፤ ካኖን 80ዲ አለው፣ 70ዲ የለውም። ነጭ ግድግዳ ኤፍ 16 ላይ ቅረጹና ጥቁር ነጥቦች ካሉ እዩ፤ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ፎቶ ላይ በቀላሉ ይጠፋል፤ ቪዲዮ ላይ ግን በየፍሬሙ አብሯችሁ ይጓዛል። ሻጩ ሳይቸኩል ገደቡ እስኪደርስ ድረስ ያለማቋረጥ ቅረጹበት፤ የሙቀት ችግር ያለበት ካሜራ በሁለት ደቂቃ ሙከራ አይታወቅም።